«ሳሙና፣ ጫማ፣ አረቄ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው

ጁባ ላይ የምንነግድ ሰዎች «ዘሪባ» የሚለውን የዓረብኛ ቃል የምናውቀው በከብት በረትነቱ ነው። ዙሪያው የእሾህ አጥር፣ መሐሉ ከብት፣ በሩ ላይ ጠባቂ። ከ160 ዓመት በፊት ግን በዚህ አገር ዘሪባ ማለት የነጋዴ ግቢ ነበር። መጋዘኑም፣ መኖሪያውም፣ የታጣቂዎቹ ሰፈርም፣ የሰው ማጎሪያውም በአንድ የእሾህ አጥር ውስጥ ነበሩ። መንግሥት የሠራው እስር ቤት አልነበረም፤ ዳኛም አልነበረበትም። ባለቤቱ ነጋዴ፣ ጠባቂው የነጋዴው ቅጥረኛ፣ ታሳሪው ደግሞ ሸቀጥ ነበር።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚያ ግቢ ነው። ሰዎች እንዴት ይያዙ፣ በምን ይታሰሩ፣ ለምን ይገረፉ እንደነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ሁሉ በምን ዓይነት የንግድ ሂሳብ ይመራ እንደነበር እንመለከታለን። ነገሩ የነጋዴ ታሪክ ስለሆነ ከማንም በፊት ነጋዴ ሊያውቀው ይገባል እንላለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጀልባ የሚቆምበት ቦታ

ጎንዶኮሮን የጁባ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ዛሬ ስሙን የያዘችው ደሴት ጁባ አጠገብ በነጭ ዓባይ መሐል ናት። የድሮዋ ጎንዶኮሮ ደግሞ ከወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ፣ በባሪ ሕዝብ መሬት ላይ ነበረች።

የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲልክ ዋና ፍላጎቱ ወርቅና ለሠራዊቱ ወታደር የሚሆኑ ባሪያዎች ነበሩ። ለሃያ ዓመት ያህል ግን ወደ ደቡብ የሚወስደው ወንዝ በረግረጉና በዳርቻው በሚኖሩት ሕዝቦች ምክንያት ተዘግቶ ቆየ። ከ1839 እስከ 1842 ሰሊም ቃፑዳን የተባለ የቱርክ መኮንን ሦስት ጊዜ በጀልባ ወጣ፤ በ1841 መጀመሪያም እስከ ጎንዶኮሮ አካባቢ ደረሰ። ከዚያ በላይ ወንዙ በድንጋይ ላይ ስለሚዘል ጀልባ አይሄድም። ስለዚህ ጎንዶኮሮ የመስመሩ መጨረሻ ሆነች፤ ዛሬ ኒሙሌ ለእኛ መኪና እንደሆነችው ዕቃ የሚወርድባትና የሚጫንባት ቦታ ማለት ነው።

መንገዱ እንደተከፈተ በ1850ዎቹ መጀመሪያ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መጥተው ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ብዙዎቹ በበሽታ አለቁና ሥራው 1860 አካባቢ ተዘጋ። ነጋዴዎቹ ግን ቆዩ። መጀመሪያ የመጡት ለዝሆን ጥርስ ነበር። ከካርቱም የሚነሱት ነጋዴዎች ዓረቦች፣ ቱርኮች፣ ግብፃውያንና አውሮፓውያን ነበሩ፤ አንድሪያ ደቦኖ የተባለው የማልታ ሰው ከታወቁት አንዱ ነው። የዝሆን ጥርስ ከባድ ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ ጭነት የሚሸከም ከብት አልነበረም። ተሸካሚው ሰው ነበር። የተሸከመው ሰው ራሱ እንደሚሸጥ ለመረዳት ነጋዴዎቹ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ዕዳው ከየት ተነሳ?

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ጎንዶኮሮ የደረሰው በየካቲት 1863 ነው። ያየውንና የጠየቀውን ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ጽፏል። የንግዱን አሠራር ሲገልጽ የሚጀምረው ከእሾህ አጥሩ አይደለም፤ ከካርቱም ብድር ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰው ለዘመቻ ሲነሳ መቶ በመቶ ወለድ ይበደራል። ዕዳውን የሚከፍለው በዝሆን ጥርስ ሲሆን፣ አበዳሪው ጥርሱን የሚቀበለው በግማሽ ዋጋ ነው። በዚህ ገንዘብ ጀልባ ይከራያል፣ ጠመንጃ ይገዛል፣ ከመቶ እስከ ሦስት መቶ የሚደርሱ ታጣቂዎች ይቀጥራል። ለታጣቂዎቹ የአምስት ወር ደመወዝ በቅድሚያ ይሰጣል። ይህ ቅድሚያ ግን ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉ ደግሞ ጣሪያ በነካ ዋጋ በተቆረጠ የጥጥ ጨርቅ ነው። እያንዳንዱ ቅጥረኛ የወሰደው ነገር ሁሉ የሚጻፍበት ወረቀት ይይዛል።

ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ሂሳብ ሲያይ ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። መቶ በመቶ ወለድ ከፍሎ፣ ጥርሱን በግማሽ ዋጋ አስረክቦ፣ ሦስት መቶ ሰው ቀልቦ የሚያተርፍ ሐቀኛ ንግድ የለም። ጉድለቱን የሚሞላ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። የሞላውም ዘረፋ ነው። ታጣቂዎቹ ከአንድ የአካባቢ አለቃ ጋር ይወዳጁና ጠላቱ የሆነውን መንደር ሌሊት ይከባሉ፤ ጎህ ሳይቀድ እሳት ይለቁበታል። ወንዶቹን ይገድላሉ፣ ከብቱን ይነዳሉ፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ይይዛሉ። ከብቱ በዝሆን ጥርስ ይለወጣል፤ ሰዎቹ በጨረታ ለራሳቸው ለታጣቂዎቹ ይሸጣሉ። ዋጋቸው ከቅጥረኛው ደመወዝ ላይ ይቀነሳል።

ቤከር የጻፈልን ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ድንገት በቆንስል ወይም በመንግሥት ሰው እጅ እንዳይገባ ተብሎ የተሸጠው ሰው በስሙ አይጻፍም ነበር። አንዲት ሴት በ1,000 ቅርሽ ከተሸጠች፣ በቅጥረኛው ወረቀት ላይ ሳሙና ይህን ያህል፣ ቆብ ይህን ያህል፣ አረቄ ይህን ያህል፣ ጫማ ይህን ያህል፣ የጥጥ ጨርቅ ይህን ያህል ተብሎ ድምሩ 1,000 ይደረጋል። ያችን ሴት ዛሬ በስሟ የሚያስታውስ ሰነድ የለም። በመዝገብ የቀረችው እንደ ሳሙናና እንደ ጫማ ሆና ነው።

ባላው

የተያዙት ሰዎች የሚታሰሩበት ዕቃ «ሼባ» ይባል ነበር። በእኛ ቋንቋ ባላ ማለት ነው፤ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ረጅምና ከባድ እንጨት። የሰውዬው አንገት በቅርንጫፎቹ መካከል ይገባል፤ ከኋላው በአግዳሚ እንጨት ይጠረቃል፤ ሁለት እጆቹ ወደ ፊት ከግንዱ ጋር ይታሰራሉ። የባላውን ጫፍ የያዘ ሰው እንደፈለገ ይመራዋል። የሕፃናቱ አንገት ደግሞ በገመድ ከሴቶቹ ጋር ይያያዛል፤ በዚህ ሁኔታ ሴቲቱ ብትሮጥ ልጁን እየጎተተች ነው።

ብረት አላስፈለገም፤ አንጥረኛም አላስፈለገም። እንጨቱ ከዚያው ከጫካው ይቆረጣል። ነጋዴው ከካርቱም ሰንሰለት ጭኖ መምጣት አልነበረበትም።

አባቶቻችን ቁራኛ የሚሉትን እስራት ታውቃላችሁ። አበዳሪና ተበዳሪ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱበት ሥርዓት ነው። ቁራኛም መከራ ነበር፤ ነገር ግን አሳሪውም አብሮ ይታሰራል፣ መጨረሻውም የዳኛ ደጅ ነው። በሼባ የታሰረው ሰው ግን ዳኛ የለውም። ዕዳም የለበትም። ዕዳው የካርቱሙ ነጋዴና የቅጥረኛው ነው፤ የሚታሰረው ግን ያልተበደረው ሰው አንገት ነው።

የሚያመልጥ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። ቤከር እንደጻፈው ለማምለጥ የሞከሩት ያለ ርኅራኄ ይገረፋሉ፣ ወይም ለሌላው መቀጣጫ ይሆኑ ዘንድ በጥይት ይገደላሉ፣ ይሰቀላሉ። መግረፊያው እኛም ሱዳኖችም ኩርባጅ የምንለው የጉማሬ ቆዳ አለንጋ ነበር። ከአለንጋውም ከአጥሩም ይበልጥ ሰውን አስሮ የሚይዘው ግን የተቃጠለው መንደር ነው። ቤቱ አመድ ሆኗል፣ ከብቱ ተነድቷል፣ ጎረቤቱ አለቃ ከወራሪው ጋር ተስማምቷል። ቢያመልጥስ ወዴት ይሄዳል?

ከአጥሩ ውስጥ

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጌዖርግ ሽቫይንፉርት ከ1869 እስከ 1871 በባህር አል ጋዛል ዘሪባዎች ውስጥ ኖሯል። እዚያ ያያቸው ባሪያዎች ሁሉም ወደ ሰሜን የሚሸጡ አልነበሩም። ብዙዎቹ ለግቢው ሥራ የሚቀሩ ነበሩ። ከሰባት እስከ አሥር ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ጠመንጃ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ ሲያድጉ ራሳቸው ታጣቂ ይሆኑና የሌላውን መንደር ለማቃጠል ይላካሉ። ሴቶች ማሽላ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫሉ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ልክ ዱቄት ማውጣት ከጠዋት እስከ ማታ የማያልቅ ሥራ ነበር። ሌሎቹ እርሻ ያርሳሉ። በዙሪያው ያሉ መንደሮችም እህል እንዲሰፍሩና ተሸካሚ እንዲያዋጡ ይገደዱ ነበር። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ያለውም ሰው ነፃ አልነበረም።

ወደ ዘሪባዎቹ የሚመጡ ትንንሽ ነጋዴዎችም ነበሩ፤ «ጀላባ» ይባላሉ። ጀላባ ባለ ጀልባ ሀብታም አይደለም። አህያው ላይ የጨርቅ ጣቃ ጭኖ ከዘሪባ ወደ ዘሪባ የሚዞር ቸርቻሪ ነው። በጨርቁ አንድ ሁለት ሰው ገዝቶ ወደ ሰሜን ይነዳል። ይህን የምናነሳው ታሪኩን ለጥቂት ክፉ ባለጸጎች ብቻ ሰጥተን እንዳናልፍ ነው። ንግዱን ያቆሙት ትልልቆቹ ቢሆኑም ያንቀሳቀሱት እንደ እኛ ያሉ ቸርቻሪዎች ጭምር ናቸው። ከትልልቆቹ መካከል ደግሞ አል ዙበይር ራሕማ እጅግ ገነነና በ1873 ግብፅ የባህር አል ጋዛል ገዥ አድርጋ ሾመችው። ስሙ ደይም ዙበይር በተባለችው ከተማ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

ጅራፍ ዋጋን ሲጠብቅ

በዚያው ዘመን ከውቅያኖስ ማዶም ተመሳሳይ ግቢዎች ነበሩ። ሰሊም ጎንዶኮሮ አካባቢ በደረሰበት በ1841፣ ሰለሞን ኖርዘፕ የተባለ ነፃ ጥቁር አሜሪካዊ በዋሽንግተን ከተማ ተጠልፎ በአንድ የባሪያ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ታስሮ ነበር። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ በፊልም አይታችኋል። ግቢው ከምክር ቤቱ ሕንፃ እምብዛም አይርቅም። ኖርዘፕ «ነፃ ሰው ነኝ» ባለ ቁጥር ነጋዴው በእንጨትና በጅራፍ ይደበድበው ነበር፤ ዝም እስኪል ድረስ። ከዚያ ወደ ደቡብ ተልኮ በሉዊዚያና እርሻዎች 12 ዓመት በባርነት ኖረ።

ያን ድብደባ በቁጣ የተደረገ አድርጎ መረዳት ስህተት ነው። ነፃ ሰው ነኝ የሚል ሰው አይሸጥም፤ ገዢ ይሸሻል፣ ክስ ያመጣል። ጅራፉ የሸቀጡን ዋጋ የሚጠብቅ የንግድ መሣሪያ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ እርሻዎች ላይም ባሪያው ከጌታው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ መንገድ ላይ ከተገኘ የሚይዙትና የሚገርፉት የጥበቃ ቡድኖች ነበሩ። ድንበር የምንሻገር ሰዎች የወረቀትን ኃይል እናውቃለን። የጎንዶኮሮው ወረቀት ሰውን ሳሙና አድርጎ ደበቀው፤ የአሜሪካው ወረቀት የሰውን እግር አሰረ።

ሊያስቆሙ የመጡት

በ1863 መጀመሪያ ቀን ፕሬዚዳንት ሊንከን የነፃነት አዋጁን አወጣ። በሚቀጥለው ወር ቤከር ጎንዶኮሮ ሲደርስ ሰፈሩ በባሪያ የተሞላ ነበር። ነጋዴዎቹ እንግሊዛዊ መምጣቱን ሲያዩ ብዙዎቹን ከዓይኑ አራቁ። ባሪዎቹ ግን ነገሩት፦ ወደ ውስጥ ያሉት ማጎሪያዎች ሙሉ ናቸው፣ አንተ ስትሄድ ይመጣሉ።

በ1869 የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ያንኑ ቤከርን የባሪያ ንግዱን እንዲያጠፋና አገሩን ለግብፅ እንዲይዝ በአራት ዓመት ውል ሾመው። ቤከር በ1871 ጎንዶኮሮ ገብቶ ባንዲራ ሰቀለ፣ ስሟንም እስማኤሊያ አላት። ነገር ግን የካርቱም መንግሥት ያንኑ አካባቢ ቀድሞ ለአል ዓቃድ የንግድ ድርጅት አከራይቶት ነበር። አንዱ እጅ ንግዱን እንዲያጠፋ ሰው ይልካል፣ ሌላው እጅ ከንግዱ ኪራይ ይበላል። በዚያ ላይ የቤከር ወታደሮች ስንቅ ሲያልቅባቸው የባሪዎችን እህልና ከብት በጉልበት ወሰዱ። ለባሪው ገበሬ ነፃ አውጪውና ዘራፊው በአንድ በር ገቡበት።

በ1872 ቤከር ዛሬ ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ ባለችው ፋቲኮ የነጋዴዎቹን ታጣቂዎች አሸንፎ ምሽግ ሠራ። ከጉሉ በስተሰሜን ነው፤ ከኤሌጉ ወደ ካምፓላ ስንወርድ የምናልፈው አገር ማለት ነው። የድንጋዩን ኮረብታ ለመጎብኘት ለሄደ ሰው የአካባቢው ሰዎች ምርኮኞች የሚታጎሩበትንና የሚገደሉበትን ቦታ እያሳዩ ይነግሩታል።

ከቤከር በኋላ በ1874 ጎርደን መጥቶ ዋና ሰፈሩን ወደ ላዶ አዛወረ። የወንዙ መንገድ ሲጠበቅ ደግሞ ንግዱ ከባህር አል ጋዛል በየብስ ወደ ኮርዶፋንና ዳርፉር ዞረ። የጎርደን ረዳት ጄሲ በ1879 የዙበይርን ልጅ ሱለይማንን ድል አድርጎ ገደለው። ንግዱ ተዳከመ እንጂ በዚያ ቀን አላለቀም።

የእኛ አገር መዝገብ

ይህን ታሪክ «የዓረብና የፈረንጅ ነው» ብለን ማለፍ አንችልም። ቤከር ጎንዶኮሮ ከመድረሱ አንድ ዓመት በፊት በመተማ፣ በገላባት ገበያ በኩል አልፎ ነበር። እዚያም በትልልቅ የሰሌን ድንኳን ውስጥ ለሽያጭ የተቀመጡ ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣት ሴቶች አይቷል። ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ ተነድተው፣ በእኛው ነጋዴዎችና በእኛው በሮች አልፈው የመጡ ነበሩ። ፍትሐ ነገሥታችንም ክርስቲያንን ለማያምን መሸጥ ይከለክል እንጂ ባሪያ መያዝን ፈቅዷል። አፄ ቴዎድሮስና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ነገሥታት ንግዱን የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ንግዱ ግን አልቆመም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ማጂና ጊሚራ፣ ለዚህች አገር ድንበር ቅርብ የሆኑት አውራጃዎች፣ በባሪያ ፍንገላ ሰው አልባ እስኪመስሉ ተራቁተዋል። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በ1924 ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1942 ነው። ያን ጊዜ የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ደብተራችን

ይህ ሁሉ ለዛሬው ሱቃችን ምን ይለዋል? ሁለት ነገር እንላለን።

የመጀመሪያው አፋችን ነው። በመካከላችን ቆዳው የጠቆረን ሰው «ባሪያ» ወይም «ሻንቅላ» የሚል ሰው አለ፤ አንዳንዱ በቁጣ፣ አንዳንዱ ደንበኛው አይሰማም ብሎ በሳቅ። ጁባ ውስጥ ይህ ቃል ሩቅ ታሪክ አይደለም። ከ1983 እስከ 2005 በቆየው ጦርነት በሰሜን ባህር አል ጋዛል ታጣቂዎች ሴቶችንና ሕፃናትን እየጠለፉ ወስደው በባርነት አሠርተዋል። በዓረብኛ «ዓብድ» እየተባለ የተሰደበ ሰው የእኛን ቃል ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ሻይ ልናጠጣው ቁጭ ያደረግነው ሰው እናቱ ወይም እኅቱ ከተወሰዱት አንዷ ልትሆን ትችላለች። አገሩ አስጠግቶን ነው የምንነግደው።

ሁለተኛው ደብተራችን ነው። ከአገር ቤት ልጅ ለሥራ ሲመጣ የትራንስፖርቱ፣ የቪዛው፣ የማደሪያው ወጪ በአሠሪው ይከፈልና «ከደመወዝህ ይቀነሳል» ይባላል። ከዚያ ምግቡ ይጨመራል፣ የተሰበረው ብርጭቆ ይጨመራል፣ ፓስፖርቱም «እንዳይጠፋ» ተብሎ በአሠሪው ሳጥን ይቀመጣል። ይህ ከጎንዶኮሮው ባላ ጋር እኩል ነው አንልም፤ እኩል አይደለም። የታጣቂዎቹን ወረቀት ግን አስታውሱ፦ በቅድሚያ የተሰጠ ደመወዝ፣ በተጋነነ ዋጋ የተቆረጠ ዕቃ፣ የማያልቅ ቀሪ ሂሳብ። የባላው ታሪክ የተጀመረው ከዚያ ወረቀት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18፣ የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 13 ባርነትንና የግዴታ ሥራን ይከለክላሉ። በ2020 የወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1178 ደግሞ ሰውን በዕዳ መያዣ ማሠራትን ከሰው መነገድ ወንጀል ጋር አያይዞታል።

ስለዚህ ሠራተኛ ያላችሁ ሁሉ ይህን እንድታደርጉ እንለምናለን። ፓስፖርቱ በባለቤቱ ኪስ ይሁን። የጉዞው ወጪ ስንት እንደሆነና በስንት ወር እንደሚያልቅ ልጁ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ አንድ ቅጂ እርሱ ይያዝ፤ ያለቀ ቀን «አልቋል» ተብሎ ይፈረምበት። በደብተሩ ላይ ሳሙና ተብሎ የተጻፈው ሳሙና ብቻ ይሁን።